ሳይጠየቅ የሚመጣ ብድር፦ የቅድመ ፈቃድ ደብዳቤ ታሪክ በአሜሪካ

የቅድመ ፈቃድ ደብዳቤ ማለት አንድ ባንክ፣ ካርድ ላልጠየቀውና በአካል ለማያውቀው ሰው፣ የብድር መዝገቡን አስቀድሞ አጣርቶ ክሬዲት ካርድ ሊሰጠው ዝግጁ መሆኑን የሚያስታውቅበት ጽሑፍ ነው። በአሜሪካ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በየቤቱ ፖስታ ሣጥን ሲገባ ስለኖረ ተራ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ነገር ግን የአገሪቱ ሕግ ከሌላው ማስታወቂያ ለይቶ የሚያየው፣ የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ገደብና የራሱ ግዴታ ያለው የንግድ ልማድ ነው። ደብዳቤው ለማን እንደሚደርስ፣ ማንን እንደሚያልፍና የመመረጥን ዕድል ምን እንደሚያሰፋው ለመረዳት ከባንኮች ምክር ይልቅ ይህን ታሪክ ማወቅ ይበጃል፤ ምክንያቱም ዛሬ ሰዎች የሚመረጡበት መስፈርት፣ ሻጭ ከገዥ እየራቀ በሄደ ቁጥር እምነትን በወረቀት ለመተካት ሲደረግ በኖረው ጥረት ቀስ በቀስ የተሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥረቱ መነሻ በ1837 አሜሪካን የመታው የገንዘብ ቀውስ ነው። በዚያን ጊዜ የኒውዮርክ ጅምላ ነጋዴዎች ከሩቅ ግዛት ለሚመጡ ቸርቻሪዎች ዕቃ የሚሰጡት በዱቤ ነበር፤ ቸርቻሪው ከአገሩ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፣ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፣ ከወራት በኋላ ሸጦ ይከፍላል። ቀውሱ ሲመጣ በየአገሩ የተበተነው ዱቤ ሳይመለስ ቀረ፤ አርተርና ሉዊስ ታፓን የተባሉ ወንድማማቾች ይመሩት የነበረው ትልቅ የሐር ንግድ ቤትም ከወደቁት አንዱ ሆነ። ሉዊስ ታፓን ከዚህ ኪሳራ ተምሮ በ1841 «መርካንታይል ኤጀንሲ» የተባለውን ድርጅት በኒውዮርክ አቋቋመ። ድርጅቱ በየከተማው ወኪሎችን፣ በአብዛኛው ጠበቆችን፣ መልምሎ ስለ አካባቢያቸው ነጋዴዎች በየጊዜው እንዲጽፉ ያደርግ ነበር፤ የመጣው ሪፖርት በትልልቅ መዝገቦች ላይ ይገለበጣል፤ የአባልነት ክፍያ የከፈለ ነጋዴም ወደ ቢሮው መጥቶ፣ በዱቤ ሊሸጥለት ስላሰበው ሰው የተጻፈው ይነበብለታል። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የኢሊኖይ ጠበቃ አብርሃም ሊንከን ከእነዚህ ወኪሎች አንዱ ነበር።

በመዝገቦቹ ላይ የሚሰፍረው የሀብት ልክ ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴው ዕድሜ፣ ትዳሩ፣ ታታሪነቱ፣ መጠጥ ማዘውተሩ ወይም መተዉ፣ በጎረቤቶቹ ዘንድ ያለው ስም ሁሉ በአጭር በአጭሩ ይጻፍ ነበር። የተጻፈበት ሰው ግን ስለ ራሱ የተባለውን የማየትም ሆነ የማረም መብት አልነበረውም። ታፓን ጽኑ የባርነት ተቃዋሚና፣ በአሚስታድ መርከብ ለተያዙት አፍሪካውያን ነፃነት የተካሄደውን የፍርድ ቤት ክርክር ካስተባበሩት ሰዎች አንዱ እንደነበረ ይታወቃል፤ ለሰው ልጅ ነፃነት ዕድሜውን የሰጠ ሰው፣ ባለቤቱ የማያየውን መዝገብ በንግድ ዓለም ማስጀመሩ በታሪክ ውስጥ ሊስተዋል የሚገባው ነገር ነው። የእርሱ ድርጅት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ ጆን ብራድስትሪት በ1849 በሲንሲናቲ ከመሠረተው ተፎካካሪ ጋር በ1933 ተዋሕዶ «ደን ኤንድ ብራድስትሪት» የተባለውን፣ እስከ ዛሬ ያለውን ኩባንያ ወለደ።

ታፓን የመዘገበው ነጋዴዎችን ነበር። ተራውን ሸማች የመመዝገቡ ሥራ የተስፋፋው ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ፣ የከተማ ሱቆችና ትልልቅ መደብሮች ለደንበኞቻቸው በወር ሒሳብ መሸጥን ሲያዘወትሩ ነው። በ1899 ኬተርና ጋይ ዉልፎርድ የተባሉ ወንድማማቾች በአትላንታ «ሪቴይል ክሬዲት ካምፓኒ»ን መሠረቱ፤ ይህ ድርጅት በ1970ዎቹ አጋማሽ ስሙን ለውጦ «ኢኩዊፋክስ» የተባለው ነው። በየከተማውም ነጋዴዎች ተባብረው የሚያቋቁሟቸው ክሬዲት ቢሮዎች፣ ማለትም የሰዎችን የብድር አከፋፈል የሚመዘግቡ ድርጅቶች፣ በመቶዎች በዙ። እነዚህ ቢሮዎች ከሱቆች የሚያገኙትን የክፍያ ማስረጃ ከጋዜጣ ቆርጠው ከሚያወጡት የጋብቻ፣ የእስርና የሞት ዜና ጋር እያጣመሩ ያስቀምጡ ስለነበር፣ የአንድ ሰው የብድር መዝገብ ግማሹ ሒሳብ፣ ግማሹ ሐሜት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐሜቱን ወደ ጎን ትቶ ሒሳቡን ብቻ ለመመዘን የተደረገው ሙከራ ከምሁራን የመጣ ነው። ዴቪድ ዱራንድ የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1941 ባሳተመው ጥናት፣ ብድራቸውን የመለሱና ያልመለሱ ሰዎችን ጠባይዓት በቁጥር አነጻጽሮ፣ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል አሳየ። በ1956 መሐንዲሱ ቢል ፌርና የሒሳብ ሊቁ ኧርል አይዛክ ይህንኑ ሐሳብ ለገበያ ለማዋል በካሊፎርኒያ «ፌር አይዛክ» የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሁለት ዓመት ቆይተውም ለሃምሳ ትልልቅ አበዳሪዎች ስለ ሥራቸው ሲጽፉ መልስ የሰጣቸው አንድ ብቻ ነበር። አበዳሪዎቹ በዚያን ጊዜ የሚተማመኑት በብድር መኮንኖቻቸው ግምት ነበርና ከቁጥር የሚመጣ ፍርድ እንግዳ ነገር ሆኖባቸዋል።

ፌርና አይዛክ መልስ በሚጠብቁበት በዚያው በ1958 መስከረም ወር፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ እስከዚያ ያልታየ ነገር አደረገ። ጆሴፍ ዊሊያምስ የተባለው የባንኩ ባለሥልጣን በመራው ዕቅድ መሠረት፣ ማመልከቻ ሳይሞላ፣ ፈቃድም ሳይጠየቅ፣ ወደ 60,000 ለሚሆኑ ነዋሪዎች «ባንክአሜሪካርድ» የተባለ ካርድ በፖስታ ተላከ። ፍሬዝኖ የተመረጠችው በሸለቆ መካከል ለብቻዋ ያለች መጠነኛ ከተማ በመሆኗ፣ ሙከራው ቢከሽፍ ወሬው ሩቅ እንደማይሄድ ስለታሰበና ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ቀድሞውንም የባንኩ ደንበኞች ስለነበሩ ነው። የካርዱ የብድር ጣሪያ ከ300 እስከ 500 ዶላር ነበር። በዕቅዱ ውስጥ አንድ ረቂቅ ችግር ይፈታ ነበር፤ ሸማቾች ካርድ ካልያዙ ሱቆች አይቀበሉትም፣ ሱቆች ካልተቀበሉት ደግሞ ሸማቾች ካርዱን የሚይዙበት ምክንያት የለም፤ ባንኩ ካርዱን በአንድ ቀን በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ በማስገባቱ ነጋዴዎች ገዥው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

ውጤቱ ግን ከዕቅዱ እጅግ የራቀ ሆነ። ባንኩ ከተጠቃሚዎቹ መካከል ክፍያ የሚያዘገዩት 4 በመቶ ያህል ይሆናሉ ብሎ ሲጠብቅ 22 በመቶ ሆኑ፤ የተሰረቁ ካርዶች በየሱቁ ዞሩ፤ ካርዱ በመላው ካሊፎርኒያ ከተዘረጋ በኋላ ባንኩ በይፋ ያመነው ኪሳራ 8.8 ሚሊዮን ዶላር ሲደርስ ዊሊያምስ ሥራውን ለቀቀ። ይሁን እንጂ ባንኩ ካርዱን አልተወውም፤ ማጣሪያውንና የውዝፍ አሰባሰቡን አጠንክሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አትራፊ አደረገው፤ ያ ካርድ በ1976 ስሙን ለውጦ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው «ቪዛ» ሆነ። ሌሎች ባንኮች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ማትረፉን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ በ1966 የገና ሰሞን የቺካጎ ባንኮች እየተሽቀዳደሙ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ካርድ በፖስታ ሲበትኑ፣ ለሕፃናትና ለሞቱ ሰዎች ሳይቀር ካርድ ደረሰ፤ አንዳንድ ቤተሰብ ከአሥር በላይ ካርድ ተቀበለ፤ ሌቦች ደግሞ ፖስታውን ከመንገድ እየጠለፉ ገበዩበት። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ካርዱን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ያልገዙት ዕቃ ሒሳብ ተልኮላቸው ዕዳው የእነርሱ አለመሆኑን ለማስረዳት መንገላታታቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ወደ ሕግ አመራ። ጥቅምት 26 ቀን 1970 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የፈረሙት አንድ ሕግ ለቅድመ ፈቃድ ታሪክ መሠረት የጣሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። አንደኛው ክፍል ባንኮች ላልጠየቀ ሰው ካርድ እንዳይልኩ ከለከለ፤ ካርዱ ተሰርቆ ቢሠራበትም የባለቤቱ ኃላፊነት ከ50 ዶላር እንዳያልፍ ወሰነ። ሁለተኛው፣ ሴናተር ዊሊያም ፕሮክስማየር የታገሉለት ርትዓዊ የብድር መረጃ ሕግ፣ የክሬዲት ቢሮዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በፌዴራል ሕግ ሥር አዋለ፤ ሰው ስለ ራሱ የተመዘገበውን እንዲያውቅና ስሕተቱን እንዲሞግት ፈቀደ፤ የሰውን መዝገብ ማየት የሚችለውም ሕጋዊ ምክንያት ያለው ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ከታፓን መዝገብ እስከዚያ ቀን ድረስ 129 ዓመታት አልፈዋል፤ ለእንዲህ ያለ ግልጽ ፍትሕ እጅግ የዘገየ ነበር።

ካርድ መላክ የተከለከሉት ባንኮች ካርድ ለመስጠት ቃል መግባት ግን አልተከለከሉም። ይሁንና ቃሉን ለማን እንደሚገቡ ለመወሰን መዝገብ ማየት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ብድር ያልጠየቀን ሰው መዝገብ ለማየት ምን ሕጋዊ ምክንያት አለ የሚለው ጥያቄም ተነሣ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1973 በሰጠው ትርጓሜ፣ ባንክ በመዝገብ ተጣርቶ ስሙ ለተመረጠ ለእያንዳንዱ ሰው ብድር እንዲቀርብለት እስካደረገ ድረስ ማጣራቱ እንደሚፈቀድ አስታወቀ። የዛሬው የቅድመ ፈቃድ ሥርዓት በሙሉ የቆመው በዚህ ስምምነት ላይ ነው፤ ባንኩ የማያውቀውን ሰው መዝገብ ሳያስፈቅድ በማጣራቱ፣ ለዚያ ሰው እውነተኛ ብድር የማቅረብ ግዴታ ይገባል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ባንኩ መስፈርቱን ለክሬዲት ቢሮው ይሰጣል፤ ቢሮው በሚሊዮን ከሚቆጠሩ መዝገቦች መስፈርቱን የሚያሟሉትን ይለያል፤ ደብዳቤውም ተለይተው ለወጡት ይላካል። ባለ መዝገቡ በዚህ ሁሉ መካከል ምንም አይሰማም፤ ማጣራቱም ለብድር ባመለከተ ጊዜ እንደሚደረገው ፍተሻ የብድር ነጥቡን አይቀንስበትም።

በዚያው ዐሥርት ዓመት መዝገቡ ውስጥ ማን እንደሚገኝም ተለወጠ። ቀደም ሲል ያገባች ሴት በገዛ ስሟ ብድር ለማግኘት የባሏን ፊርማ ትጠየቅ ነበር፤ የሁለቱም የሆነ ዕዳ በባል ስም ብቻ ስለሚመዘገብም ባሏ ሲሞት ወይም ስትፋታ ብድር ወስዳ የማታውቅ ትመስላለች። በ1974 የወጣው የእኩል ብድር ዕድል ሕግ በጾታና በጋብቻ ሁኔታ ማበላለጥን ከለከለ፤ በ1976 ደግሞ ዘርን፣ ሃይማኖትንና የትውልድ አገርን ጨመረ፤ በ1977 ሥራ ላይ የዋለው ደንብም ባልና ሚስት አብረው የሚጠቀሙበት ሒሳብ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ አዘዘ። የሐሜቱ ዘመን በእውነት ያበቃው በእነዚህ ሕጎች ነው፤ አበዳሪዎች በሰው ማንነት መፍረድ ሲከለከሉ፣ ወደ ፌርና አይዛክ ቁጥር ለመዞር ተገደዱ።

ደብዳቤው በብዛት እንዲጎርፍ ያደረገው ግን የወለድ ጉዳይ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 «ማርኬት» ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ፣ ብሔራዊ ፈቃድ ያለው ባንክ ባለበት ግዛት የሚፈቀደውን ወለድ በሌላ ግዛት ለሚኖር ደንበኛም ማስከፈል እንደሚችል ወሰነ፤ ሳውዝ ዳኮታ በ1980 የወለድ ጣሪያዋን ስታነሣም ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ከኒውዮርክ ወደዚያ አዛወረ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሩቅ ከተማ ለመላው አገር ደብዳቤ መጻፍ አዋጭ ሆነ። በ1989 ፌር አይዛክ ከኢኩዊፋክስ ጋር ለማንኛውም አበዳሪ የሚያገለግል አንድ ወጥ ነጥብ አወጣ፤ ይህም ዛሬ ከ300 እስከ 850 የሚሰላው «ፋይኮ» ነው። ሪቻርድ ፌርባንክና ናይጀል ሞሪስ ደግሞ በቨርጂኒያ ሪችመንድ በሚገኘው ሲግኔት ባንክ ውስጥ፣ ወለዱን፣ የብድር ጣሪያውንና የደብዳቤውን አጻጻፍ እየለዋወጡ ለተለያዩ ቡድኖች በመላክና የመልሱን ብዛት በመመዘን ካርድ መሸጥን ወደ ቤተ ሙከራ ሥራ ለወጡት፤ የካርድ ክፍሉ በ1994 ከባንኩ ተነጥሎ «ካፒታል ዋን» ሆነ። እነርሱ ካሳዩት ነገር አንዱ፣ ደብዳቤ የጨዋነት ሽልማት አለመሆኑ ነው፤ ዕዳውን በየወሩ አሟልቶ የሚዘጋ ሰው ወለድ ስለማይከፍል አንዳንድ ባንክ ያልፈዋል፣ በሌላ በኩል ከኪሳራ ገና የወጣ ሰው ከፍ ባለ ወለድ ሊመረጥ ይችላል።

የሕግ አውጭው ምክር ቤት በ1996 ባወጣው ማሻሻያ የ1973ን ትርጓሜ ወደ ሕግ አንቀጽ ከፍ አደረገው። በዚህም መሠረት ደብዳቤው ጽኑ የብድር ጥሪ መሆን አለበት፤ ይኸውም ተቀባዩ ሲመረጥ ያሟላው የነበረውን መስፈርት እስካሟላ ድረስ ባንኩ ሊነፍገው አይችልም ማለት ነው። ባንኩ ገቢንና የመሳሰለውን ተጨማሪ መስፈርት መጠየቅ የሚችለው አስቀድሞ ወስኖት ከሆነ ብቻ ነው፤ መስፈርቱንም ለሦስት ዓመት ማኖር አለበት። ስሙ ከማጣሪያው ዝርዝር እንዲወጣለት የፈለገ ሰው የማስወጣት መብትም አገኘ፤ በፊርማ ሲጠየቅ ለዘለቄታው የሚጸና ሲሆን፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ሲጠየቅ የሚጸናበትን ጊዜ በ2003 የወጣ ሕግ አምስት ዓመት አደረገው። የመላኪያው ብዛት በ2005 በዓመት ወደ ስድስት ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ በእጅጉ አሽቆለቆለ፤ በ2009 የወጣው የካርድ ሕግም ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሰው ካልፈቀደ በቀር መዝገቡ ለዚህ ዓላማ እንዳይጣራ ከለከለ።

ደብዳቤው እንዲመጣለት የሚፈልግ ሰው ሊያስተውላቸው የሚገቡት ነገሮችም ከዚሁ ታሪክ ይከተላሉ። ስሙን አንድ ጊዜ ከዝርዝር ያስወጣ ሰው፣ መዝገቡ ምንም ያህል ቢያምር፣ ራሱ ተመልሶ ካላስገባ ወይም አምስት ዓመቱ ካላለቀ በቀር አይመረጥም። ከዚያ በኋላ የሚመዝነው ነጥቡ ነው፤ የፋይኮ ስሌት 35 በመቶው ዕዳን በቀጠሮ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ካለው የብድር ጣሪያ ምን ያህሉ እንደተያዘ፣ 15 በመቶው ከሒሳቦቹ ዕድሜ የሚመጣ ሲሆን፣ የቀረው 20 በመቶ ለአዳዲስ ብድሮችና ለብድሮቹ ዓይነት እኩል ይከፈላል። ስለዚህ በአጭር ጊዜ ለውጥ የሚያመጣው በካርድ ላይ ያለን ዕዳ ከጣሪያው በእጅጉ ዝቅ ማድረግ ነው፤ በቀጠሮው ያልተከፈለ ዕዳ ግን እስከ ሰባት ዓመት በመዝገብ ይቆያልና ጊዜ ብቻ ያወጣዋል። በተቃራኒው፣ ደብዳቤ ይመጣልኛል ብሎ በየባንኩ ማመልከት በአጭር ጊዜ ውስጥ ከማመልከቻ የሚመጡ ፍተሻዎችን ስለሚያከማች ዕድሉን ያጠብበታል።

መዝገብ ለሌለው ሰው ግን ይህ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው፤ በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያንን ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያገናኘውም በዋናነት ይህ ነው። በስደተኝነት፣ በቤተሰብ ጥሪ ወይም በዲቪ የመጣ ሰው በአዲስ አበባ የባንክ ብድር አክብሮ የከፈለ ቢሆንም፣ መዝገቡ ባሕር ተሻግሮ አይከተለውም፤ ታፓን በወኪሎቹ የሰበሰበው ዓይነት የሰፈር ምስክርነት፣ ዋስ መሆን፣ ዱቤን በቃል መመለስ፣ ሁሉም በማጣሪያው ፊት ዋጋ የላቸውም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዕቁብ ይጥላሉ፤ የዕቁብ አባል ሳይዘገይ መክፈሉ ከማንኛውም ካርድ ያልተናነሰ የታማኝነት ማስረጃ ሆኖ ሳለ በክሬዲት ቢሮ መዝገብ አይገባም። ይህ የማይቀር እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው «ሚሽን አሴት ፈንድ» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ከዕቁብ ጋር የሚመሳሰሉ የብድር ማኅበሮችን እያደራጀ የአባላቱን ክፍያ ለክሬዲት ቢሮዎች ሲያሳውቅ ቆይቷል። የማኅበረሰቡ ድርጅቶች በዕቁብ ረገድ ተመሳሳይ ሥራ ቢጀምሩ የሚያተርፈው ሕዝብ ብዙ ነው።

እስከዚያው ድረስ ለአዲስ መጪ ክፍት የሆነው መንገድ፣ ጥቂት መቶ ዶላር በመያዣነት አስቀምጦ የሚሰጥ ካርድ ማውጣት ወይም በታመነ ዘመድ ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ መሆን ነው፤ የፋይኮ ነጥብ ለመሰላት ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው ሒሳብ ስለሚያስፈልገው፣ ከዚያ በፊት ደብዳቤ መጠበቅ አይገባም። ሌላው ጥንቃቄ የስም ነው። የቤተሰብ ስም በሌለበት የኢትዮጵያ አሰያየም የአባት ስም በመጨረሻ ስም ቦታ ይገባል፤ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በአንድ ሰነድ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆኖ ይጻፋል፤ ተመሳሳይ ስምና የአባት ስም ያላቸው ሰዎችም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። የክሬዲት ቢሮዎች ሒሳብን ከሰው ጋር የሚያገናኙት በስም፣ በአድራሻና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ልዩነት የአንዱን ሰው መዝገብ ለሁለት ሊከፍለው ወይም ከሌላ ሰው ዕዳ ጋር ሊቀላቅለው ይችላል። ስሕተትን የመሞገት መብቱ ከ1970 ወዲህ ያለ ነው፤ ዛሬ ከክሬዲት ቢሮዎቹ ከኢኩዊፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን ሪፖርቱን በነፃ ጠይቆ፣ ስሙንና አድራሻውን አንብቦ፣ የተሳሳተውን በጽሑፍ መቃወም ይቻላል፤ ቢሮውም በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ የማረም ወይም የማስወገድ ግዴታ አለበት።